ኢንቴክ ከቀየርኩ በኋላ ቼክ ኢንጂን በራብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምነዳው የ2010 ኮሮላ ነው፣ ሞተሩ 1.8። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ኦሪጅናሉን የኤር ክሊነር ሳጥን አውጥተን ኦንላይን የገዛሁትን ኮልድ ኤር ኢንቴክ (ቱቦና ክፍት ፊልተር ያለው አየር ማስገቢያ) ገጠምንለት። ድምፁ በጣም አሪፍ ሆነ፣ ግን በሶስተኛው ቀን ቼክ ኢንጂን በራ። በስካነር ሳየው ፒ0171 ይላል፣ አጠፋሁት ተመልሶ መጣ። አንዱ ኦክሲጅን ሴንሰር ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ኢንጀክተር አሳጥብ ይለኛል፣ የኤሚሽን (የጭስ) ምርመራዬ ደግሞ የሚመጣው ወር ነው። ምን ይሻለኛል? ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ኦክሲጅን ሴንሰር እንዳትገዛ። 0171 ማለት ለሚገባው አየር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፣ ይህን ያየልህ ራሱ ኦክሲጅን ሴንሰሩ ነው፣ ስራውን እየሰራ ነው። ኢንጀክተሩም ቢሆን እስከ ቅዳሜ ደህና ከነበረ ቅዳሜ የነካችሁትን ነው መጀመሪያ ማየት ያለብን።

የነካችሁት ደግሞ ማፍ ሴንሰር፣ ማለትም የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር፣ ያለበትን ቦታ ነው። ውስጡ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለ፣ አየር ሲያልፍ ያቀዘቅዘዋል፣ ኮምፒውተሩ ከዛ ተነስቶ ስንት አየር ገባ ብሎ ያሰላና ቤንዚን ይመጥናል። ስሌቱ የተሰራው ለኦሪጅናሉ ቱቦ ስፋት ነው፤ አዲሱ ቱቦ ሴንሰሩ ጋ ትንሽ እንኳን ከሰፋ አየሩ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ሴንሰሩ አሳንሶ ይናገራል፣ ቤንዚኑም ያንሳል። ሌላው፣ ከሴንሰሩ በኋላ የላላ ፋሸታ (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ወይም ያልተሰካ ጎማ ካለ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ፣ እሱም ያው 0171 ነው የሚያመጣው።

እንዴት ትለያቸዋለህ፣ ስካነርህ ላይቭ ዳታ ካለው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ፊውል ትሪም የሚለውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚን ስንት ፐርሰንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን፣ ሾርቱንና ሎንጉን (የአሁኑንና የቆየውን) ደምረህ እይ፣ መጀመሪያ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው ቆሞ ሲሰራ)፣ ከዛ ዙሩን 2500 ላይ ይዘህ። በሚኒሞ በፕላስ 20 ምናምን ፐርሰንት ሆኖ ነዳጅ ስትሰጠው ወደ ዜሮ ከቀረበ አየር የሚስብ ቦታ አለ፤ 2500 ላይም ካልወረደ ወይም ከጨመረ ጥርጣሬዬ ሴንሰሩና ቱቦው ላይ ነው። ከ10 በታች ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም።

እጅህን የምታስገባባቸው ቦታዎች፣ ፋሸታዎቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ፣ ከሞተሩ ክዳን የሚመጣው መተንፈሻ ጎማ አዲሱ ቱቦ ላይ መሰካቱን እይ (ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው)፣ የሴንሰሩ ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት ማመልከቱንና የጎማ ቀለበቱ ከቦታው አለመውጣቱን አረጋግጥ። ፊልተሩ ዘይት የሚቀባ አይነት ከሆነ ዘይቱ ሽቦው ላይ ሊለጠፍ ይችላል፣ ለማፍ ሴንሰር ተብሎ በሚሸጠው ስፕሬይ ብቻ እጠበው፣ በፍሬን ማጽጃ ወይም በጥጥ እንዳትነካው፣ በደንብ ሳይደርቅም አትግጠመው።

ይህ ሁሉ አልሰራ ካለ ኦሪጅናሉን ሳጥን መልሰህ ግጠም፣ አልጣልከውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ትሪሙ ከተስተካከለ ችግሩ ኢንቴኩ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ በ1.8 ኮሮላ ላይ ከድምፁ ሌላ የምታገኘው ነገር ያን ያህል ስላልሆነ ኦሪጅናሉን እዛው ላይ ብትተወው ደስ ይለኛል።

ለምርመራው ደግሞ ከመሄድህ በፊት ባለው ቀን ኮዱን አጥፍተህ እንዳትሄድ፣ ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ ከዜሮ ስለሚጀምር አልተዘጋጀም ብለው ይመልሱሃል። አስተካክለህ ጥቂት ቀን ከተማም ሀይዌይም ንዳው። በመሃል መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩ እየዘለለ (ቤንዚኑን በትክክል ሳያቃጥል እየቀረ) ነው፣ ካታሊቲክህን (ጭስ ማጽጃውን) ሳያቃጥለው ዳር ይዘህ አቁም።