ጠይቁን፦ ፕላኔቶችን ለልጆች እንዴት እናሳይ?

ለዚህ እትም ከጎንደር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፕላኔቶች ናቸው። የጻፉልን መምህራን፣ ወላጆችና አንዲት ተማሪ ሲሆኑ ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ስምንቱን ፕላኔቶች ጎን ለጎን ደርድሮ ያሳያል። ልጆቹ ስማቸውን በቃላቸው ይወጡታል። ኔፕቱን ምን ያህል ይርቃል ስላቸው ግን ሥዕሉ ላይ በስንዝር ይለኩልኛል። በቀላሉ በሚገኝ ነገር ርቀቱን እንዴት ላሳያቸው? (መምህርት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ልጆቹ የመለሱት ሥዕሉ ያስተማራቸውን ነው። የፕላኔቶችን መጠንና ርቀት በአንድ ልኬት አድርጎ አንድ ወረቀት ላይ ማሳየት አይቻልም፤ ሠዓሊዎች ስለዚህ ርቀቱን ይሰውታል። ክፍል ውስጥ ትልቁ ጥፋት ይሄ ይመስለናል፦ ልጁ ስምንት ስም ይዞ ይወጣል፣ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ግን አያውቀውም። ባዶውን ለማሳየት ከክፍል መውጣት ግድ ነው።

1 ሜትር 10 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሁን። በዚህ ልኬት ፀሐይ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖራታል። ቢጫ ካርቶን ላይ በኮምፓስ ከመሃል እስከ ጠርዝ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይሥሩና ይቁረጡ። መሬት 1.3 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ አንዲት ፍሬ ጤፍ ማለት ነው። ቬነስም ሌላ ፍሬ ጤፍ ናት። ሜርኩሪ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማርስ 0.7 ሚሊ ሜትር ስለሚሆኑ በሹል እስክሪብቶ የተነካ ነጥብ ይበቃቸዋል። ጁፒተርን 14 ሚሊ ሜትር፣ ሳተርንን 12 ሚሊ ሜትር አድርገው ከጭቃ ያድቦልቡሉ። ለሳተርን ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ወረቀት መሃሉን በስተው ያጥልቁለት። ዩራነስና ኔፕቱን እያንዳንዳቸው 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ሁለት ፍሬ ድፍን ምስር ይሆናሉ።

ጤፉንና ምስሩን በእጅ አያስይዙ፤ አንድ ሳል ይበቃዋል፣ መሬት ጠፋች ማለት ነው። እያንዳንዱን ነጭ ካርድ ላይ በኮላ ያጣብቁና ስሙን በትልቁ ይጻፉበት። ከዚያ 20 ሜትር ሲባጎ ይዘው ግቢው ውስጥ ይለኩ። ከፀሐይ ተነስተው ሜርኩሪ 5.8 ሜትር፣ ቬነስ 10.8፣ መሬት 15፣ ማርስ 22.8 ሜትር ላይ ይቆማሉ። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል። ጁፒተር ግን 78 ሜትር ላይ ነው። ሳተርን 143፣ ዩራነስ 287፣ ኔፕቱን 450 ሜትር ላይ ናቸው፤ ለእነዚህ ከግቢ መውጣት ያስፈልጋል።

ጎንደር ላይ ለዚህ የሚመች ልክ አለ። የፋሲል ግቢ ዙሪያ አጥር 900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሽ ዙሩ የኔፕቱን ርቀት ነው። ፀሐይን ከአጥሩ አንድ ጥግ ላይ ያቁሙና አጥሩን ተከትለው ይሂዱ። ሁሉንም በሲባጎ መለካት ጊዜ ይፈጃል። አስቀድመው 20 ሜትር ለክተው አንድ ልጅ በስንት እርምጃ እንደሚጨርሰው ይቁጠሩና ቀሪውን በእርምጃ ያስሉ። መጀመሪያ ብቻዎን ሄደው መንገዱን ይዩት፤ ባጃጅ የሚበዛበት በኩል ካለ ልጆቹ በአጥሩ ጥግ ብቻ ይሂዱ።

ከማርስ ወደ ጁፒተር ሲሄዱ ልጆቹ መሰላቸት ይጀምራሉ፤ "መቼ ነው የምንደርሰው?" ይላሉ። መንገዱን አያሳጥሩላቸው፣ ሊያውቁት የሚገባው እሱኑ ነው።

ብርሃን በዚህ ልኬት በሴኮንድ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። አንድ ልጅ ከፀሐይ ካርድ ተነስቶ በየሴኮንዱ ጠጠር 3 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ይግፋ፣ ሌሎቹ ሰዓት ይያዙ። ጤፏ ጋ የሚደርሰው በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው፤ የእውነተኛው የፀሐይ ብርሃን ጉዞም ያንኑ ያህል ይፈጃል። ጨረቃን ደግሞ ከጤፏ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ነጥብ አድርገው ያሳዩ። የሰው እግር እስካሁን የረገጠው ከዚያ ወዲያ የለም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ የት ይሆን ብለው የሚጠይቁ ልጆች ይኖራሉ፤ በዚሁ ልኬት 4,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከጎንደር ተነስተው ሮም መድረስ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ልኬት ሲቀላቀል ነው። የእግር ኳስ ፀሐይ ተደርጎ ብርቱካን መሬት ከሆነች ከሥዕሉ የባሰ ስህተት ይሆናል። በሌላ መጠን መሥራት ከፈለጉ የፀሐይን ስፋት በ107 ያባዙ፤ የመሬትን ርቀት ያገኛሉ። ያንን ደግሞ በ30 ሲያባዙት የኔፕቱን ርቀት ይወጣል። ሌላው፣ ልጆቹ ስምንቱን በአንድ መስመር ስላዩ ሰማይም ላይ እንዲሁ የተሰለፉ ይመስላቸዋል። ጨርሰው ሲመለሱ አራቱን ቅርብ ፕላኔቶች የያዙትን ልጆች ርቀታቸውን ሳይለቁ በተለያየ አቅጣጫ በትነው በፀሐይ ዙሪያ ያዙሯቸው።

ጥያቄ፦ የታላቅ ልጄ አሮጌ መጽሐፍ ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ይላል፣ የታናሿ ስምንት። የትኛውን ልመን? (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ስምንቱን። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ1930 ሲገኝ ዘጠነኛ ተባለ። በ2005 ከእሱ ጋር የሚቀራረብ መጠን ያለው ኤሪስ ከዚያው ከሩቁ አካባቢ ተገኘ፤ ፕሉቶ ፕላኔት ከሆነ ኤሪስም ሊሆን ነው፣ ከኋላውም ሌሎች ይከተላሉ። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2006 ፕራግ ላይ ተሰብስቦ ፕላኔት የሚባለው ፀሐይን የሚዞር፣ በራሱ ስበት የተድቦለቦለና የሚዞርበትን መንገድ ከሌሎች አካላት ያጸዳ ነው ብሎ ወሰነ። ፕሉቶ ሦስተኛውን ስለማያሟላ ድንክ ፕላኔት ተባለ። ለታላቁ ልጅዎ መጽሐፉ ሲጻፍ ትክክል እንደነበር ይንገሩት።

የጨረቃዎችን ቁጥርም በዚሁ ዓይን ይዩት። እ.ኤ.አ. በ2025 የታወቁት የሳተርን ጨረቃዎች 274 ደርሰዋል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ልጅን ይህን ቁጥር ማስሸምደድ ጉልበት ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ "ክረምት የሚገባው መሬት ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው" አለኝ። እውነት ነው? (አባት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ልጅዎ ግማሹን አግኝቶታል፤ ስህተቱም የሚጸናው በዚህ ምክንያት ነው። መሬት ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከእኛ ክረምት ጋር መግጠሙ ግን አጋጣሚ ነው፤ በዚያው በሰኔና በሐምሌ አውሮፓ በሙቀት ትቃጠላለች።

ምክንያቱ የመሬት ዘንግ 23.4 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው። ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል ዝናብ የሚያመጣው የደመና መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ጎንደርም ክረምት ይገባል።

ይህን በአንድ ሜትር ዱላ ማሳየት ይችላሉ። ዱላውን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርገው ይትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን ጠጠር በታሰረበት ክር ያረጋግጡ። ሰኔ 14 እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ደቡብ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል። ታኅሣሥ 12 ደግሞ ወደ ሰሜን 73 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሚያዝያ 15 እና 16 ግን ፀሐይ ልክ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል። በነሐሴ አጋማሽም ይጠፋል፣ ያኔ ግን ደመናው አያስተማምንም።

ብዙ ሰው ሞክሮ "አልጠፋም" የሚለው 6 ሰዓት ላይ ስለሚለካ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው ከጎንደር በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ ጎንደር ላይ አናት የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 6 ሰዓት ላይ ቢለኩ 12 ሴንቲ ሜትር ጥላ ያገኛሉ። ከ6:15 ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ከጎንደር በዓይን የሚታዩት የትኞቹ ፕላኔቶች ናቸው? ከኮከብስ በምን እለያቸዋለሁ? (ወላጅ፣ ከቁስቋም)

መልስ፦ አምስቱ ይታያሉ፦ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን። ሁልጊዜ የሚገኙት ፀሐይ ቀን በምትሄድበት መንገድ አካባቢ ነው። ለአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች "ወደ ደቡብ ተመልከቱ" ይላሉ። ጎንደር ላይ ይህ መንገድ በአናታችን አቅራቢያ ስለሚያልፍ ቀና ብሎ መፈለግ ነው የሚሻለው፤ አንዳንዴም ፕላኔቱ ከአናት ወደ ሰሜን ያጋደለ ይሆናል።

ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት ረጋ ብሎ ያበራል። ይህ ግን የሚሠራው ከፍ ሲል ነው። አድማስ አጠገብ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ፕላኔቱም ይርገበገባል። ክንድዎን ዘርግተው ጡጫዎን ቢያሳዩ ጡጫው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የልጅ ጡጫ ቢያንስም ክንዱ አጭር ስለሆነ ልኩ ይኸው ነው። ከአድማስ ሦስት ጡጫ እስኪወጣ ይጠብቁ።

አጥቢያ ኮከብ የሚባለው ቬነስ ነው። ከፀሐይ ከአምስት ጡጫ በላይ ስለማይርቅ እኩለ ሌሊት ላይ አናት ላይ የሚያዩት ደማቅ ነገር ቬነስ አይደለም፤ ጁፒተር ሊሆን ይችላል። ማርስ ቀላ ይላል፣ በየ26 ወሩም ይደምቃል። ሳተርን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ሜርኩሪ ከሁሉም ታስቸግራለች፤ ከፀሐይ ከሦስት ጡጫ አትርቅም። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ግን ከአውሮፓ ይልቅ እዚህ ትቀላለች። ፀሐይ ከጠለቀች ከ40 ደቂቃ በኋላ አድማሱ በተራራ ያልተከለለበት ከፍታ ላይ ሆነው ይፈልጓት። ለሁሉም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ሜርኩሪ ለፀሐይ ቅርብ ሆና ሳለ ለምን ቬነስ ትበልጣታለች በሙቀት? (የ5ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሴት)

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ሜርኩሪ አየር የላትም ማለት ይቻላል፤ ቀን 430 ዲግሪ የደረሰው ሙቀት ሌሊት ከዜሮ በታች ወደ 180 ዲግሪ ይወርዳል። የሚይዘው የለም። የቬነስ አየር ግን እጅግ ወፍራም ነው፤ ከ100 እጁ 96ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ሙቀቱ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም 465 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ የሚጫነው ደግሞ በእኛ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 90 ጊዜ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የሶቪየቷ መንኮራኩር ቬኔራ 13 አርፋባት 127 ደቂቃ ብቻ ሠርታለች።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ርካሽ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይስ ባይናኩላር? (አባት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ባይናኩላር ይግዙ። ርካሽ ቴሌስኮፕ እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ ልጁ ፕላኔቱን ሳያገኝ ይተወዋል። 7×50 ወይም 10×50 የሚል ይምረጡ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የመስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። የሳተርንን ቀለበት አያሳይም፤ ለዚያ ቢያንስ 25 ጊዜ የሚያቀርብ ያስፈልጋል። የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ግን ያሳያል፤ ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያያቸው ናቸው።

እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክርንዎን አጥር ላይ ያስደግፉ። የግቢውን መብራት አጥፍተው ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 15 ደቂቃ ይቆዩ። ልጁ ወረቀት ላይ ክብ ሥሎ ጨረቃዎቹን በነጥብ ያስቀምጥ፤ ለአምስት ምሽት በተመሳሳይ ሰዓት ይድገመው። አዮ በ1.8 ቀን፣ ዩሮፓ በ3.6፣ ጋኒሜድ በ7.2፣ ካሊስቶ በ16.7 ቀን ስለሚዞሩ ነጥቦቹ በየቀኑ ቦታ ይቀያይራሉ። አንድ ምሽት ሦስት ብቻ ቢያይ አልተሳሳተም፤ አራተኛው ከጁፒተር ፊት ወይም ኋላ ሆኖ ይሆናል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ባይናኩላሩን ለልጅ አይስጡ፤ በእሱ ፀሐይን ለቅጽበት ማየት ዓይን ያጠፋል።