መልስ፦ የመጽሐፍ ገጽ ቴምፕሌቴ ለምን አይከፈትም?

ሰላም ወንድሜ፣ ችግሩ ያለው የፋይሉ ስም ላይ ነው። ዎርድፕሬስ (ድረ ገጽህን የሠራህበት ሶፍትዌር) ቴምፕሌቱን፣ ማለትም የገጹን አቀማመጥ የሚወስነውን ፋይል፣ የሚፈልገው በስሙ ነው፦ መጀመሪያ «ሲንግል» (single)፣ ቀጥሎ ሰረዝ (-)፣ ከዚያ ፖስት ታይፑን (የይዘቱን ዓይነት፣ እዚህ ላይ መጽሐፍ) ስትመዘግብ የሰጠኸው ስም፣ ፊደል ሳይዛነፍ። አንተ በሰረዙ ቦታ አንደርስኮር (_) ስላስገባህ ፋይልህን አልፎ ተራውን «ሲንግል» ፋይል ይከፍታል። ኤረር ስለማያሳይ ነው ሰው ግራ የሚጋባው።

ስሙን በሙሉ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለማይለይ ኮምፒውተርህ ላይ ይሠራል፤ ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስትጭነው ግን፣ ሊኑክስ ስለሚለያቸው፣ አይገኝም።

እንደ ካርድ (የአንድን መጽሐፍ መረጃ የሚይዝ ሳጥን) ያሉ በገጾቹ ላይ የሚደጋገሙ ክፍሎችን ደግሞ በአንድ ፎልደር ሰብስብ፤ ስማቸው ሥራቸውን ይናገር። «ካርድ-መጽሐፍ» በለው፣ «ሰማያዊ-ሳጥን» አትበለው፤ ቀለሙ ነገ ሊቀየር ይችላል። የፖስት ታይፕ ስም ከ20 ፊደል መብለጥ የለበትም።