የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጋይሮውን ከመንካታችሁ በፊት ጭራውን በእጃችሁ አዙሩት

ሰላም ውድ አንባቢዎች። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ በሪሞት ስለሚበር ሄሊኮፕተር ጭራ የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ ጋይሮ የሄሊኮፕተሩን መዞር እየተከታተለ ጭራውን የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ ጌይን ደግሞ በምን ያህል ኃይል እንደሚያስተካክል የሚወስነው መጠን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጭራው በቺንጊያ የሚሠራ ቲሬክስ 450 አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ስኖር ሁለት ዓመት ያለምንም ችግር አብርሬዋለሁ። ዘንድሮ ለሥራ ወደ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ተዛወርኩ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጭራው አስቸገረኝ። በፍጥነት ወደ ላይ ላስነሳው ስል አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። ብርዱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አየር ላይ ጸጥ ብሎ ቆሞ እያለ ድንገት ጭራው ብንን ይላል፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። የጋይሮውን ጌይን ከፍም ዝቅም አድርጌ ሞክሬያለሁ። ለውጥ የለም። አዲስ ጋይሮ ልግዛ? (ከአውሮራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ያለብህ አንድ ችግር አይደለም፤ ሁለት ነው። ሁለቱም አንድ ጭራ ላይ ስለታዩ ነው ያምታቱህ።

እንዲህ አስበው። ያንተ ሄሊኮፕተር ዋናው ክንፍ ከላይ ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ አካሉ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል፤ አፍንጫው ወደ ግራ ይጎተታል ማለት ነው። ይዞ የሚያቆመው ጭራው ነው። ጭነት ሲበዛ አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ጭራው አቅም አንሶታል። ያለ ጭነት፣ ያለ ሥርዓት፣ ወዲያም ወዲህም ብንን የሚል ከሆነ ግን የአቅም ጉዳይ አይደለም። ሰርቮውን (የጭራውን ክንፍ የሚያጋድለውን ትንሽ ሞተር) ወይም ጋይሮውን የሚረብሽ ነገር አለ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጋይሮ የሚያዝዘው ሰርቮውን ነው። ሰርቮው የጭራውን ክንፍ ያጋድላል። ክንፉን የሚያዞረው ግን ቺንጊያው ነው። ቺንጊያው ከዘለለ ጋይሮው ምን ያህል ጎበዝ ቢሆን ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የራሴ 450 ልክ እንዳንተው አፍንጫው ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጌይን ስጨምር ስቀንስ ከረምኩ። ሰርቮም ቀየርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባትሪውን ነቀልኩና ዋናውን ክንፍ በግራ እጄ ያዝኩ። የጭራውን ክንፍ በቀኝ ጣቴ ገፋሁት። መቆም ሲገባው ትንሽ ሄደና «ጠቅ» አለ። እንደገና ገፋሁት፤ እንደገና ጠቅ። ቺንጊያው የሚያልፍበትን ረጅሙን የጭራ ቱቦ ፈትቼ ቺንጊያውን ስስበው ሦስት ጥርስ ተከታትሎ ተልጧል። ቱቦው ውስጥ እንደ ጥላሸት ያለ የጎማ ዱቄት ነበረበት፤ ጣቴን አጠቆረው። እኔ ሙያዬን ሶማሌ ተራ የጀመርኩ፣ ዛሬም አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና የምጠግን ሰው ነኝ። የመኪና ሞተር ሲያስቸግር ቺንጊያ ሳላይ ኮምፒውተሩን አልወቅስም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሄሊኮፕተርንም እንደዚያው ነው የማየው።

አንተም ያንን አድርግ። ባትሪው ይነቀል። ዋናውን ክንፍ ያዝና የጭራውን ክንፍ ወዲያና ወዲህ በቀስታ ግፋው። የጭራው ማርሽ ከዋናው ዘንግ ጋር የታሰረ ስለሆነ ከትንሽ መላላት በላይ መሄድ የለበትም። ጠቅ ካለ ቺንጊያው ላልቷል ወይም ጥርሱ ሄዷል። ምንም ድምፅ ሳያሰማ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ጭራው ጫፍ ላይ ያለችውን ፑሌጃ ፈትሽ። ከዘንጉ ጋር የሚያያይዛት ፒን ወይም በብሩጎላ (በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) የሚፈታ ትንሽ ቪቴ አለ። እሱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ቪቴ ከሆነ አውጥተህ ዘይቱን በአልኮል ጥረግ፣ አንዲት ጠብታ ሎክታይት (የቪቴ ማጣበቂያ) አድርግና መልሰህ እሰር።

ቀጥሎ ውጥረቱ። ቺንጊያው ቱቦው ውስጥ ከሚገባበት ቦታ በቀጭን ብሩጎላ ጫን አድርገው። ትንሽ መስጠት አለበት፤ ነገር ግን ሁለቱ ጎኖቹ መነካካት የለባቸውም። እንደ ክራር ጅማት የተወጠረም አይሁን፤ ኩሽኔታ ይበላል፣ የባትሪ ጉልበትም ይጨርሳል። ለማስተካከል መጀመሪያ የቱቦውን ደጋፊ ዘንጎች አላላ፣ ከዚያ ቱቦውን ጨምድደው የያዙትን ቪቴዎች። ቱቦውን ወደ ኋላ ሳብና መልሰህ እሰር። ስትስበው ቱቦው ዞር ሊልብህ ይችላል። የጭራው ዘንግ አግድም መሆኑን ከኋላ ቆመህ በዓይንህ አረጋግጥ።

ይህን ፍተሻ ሳሎን ውስጥ ብቻ አታድርገው። 35 ሳንቲሜትር የሚሆን የአሉሚኒየም ቱቦ ከቤት ሙቀት ወጥቶ 30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። ቺንጊያው ያን ያህል አያጥርም። ቤት ውስጥ ልክ የነበረው ሜዳ ላይ ሊላላ ይችላል። ውጭ ሩብ ሰዓት አቆየውና እንደገና ጫን አድርገህ እየው።

(ለጉዞ ፈታተኸው ከነበረ ቺንጊያው ቱቦው ውስጥ የሚጠመዘዘው ወደ ትክክለኛው ጎን መሆኑንም ከመመሪያው ጋር አስተያይ። በተቃራኒው ከተጠመዘዘ የጭራው ክንፍ ወደ ኋላ ይዞራል። ያንተ ግን እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ገና ከመሬት ሳይነሳ ይሽከረከርብህ ነበር።)

ሁሉም ደህና ሆኖ ካገኘኸው ወደ አየሩ እንሂድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አውሮራ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አዲስ አበባ ቢሆን 20 በመቶ ገደማ ነው። ዋናው ክንፍ በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ይጋደላል፤ ሞተሩም ይለፋል። ጭራውም የሚገፋው አየር ስለሳሳበት የበለጠ መጋደል አለበት። ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚቀረው የለም። አፍንጫው ያኔ ነው ወደ ግራ የሚያመልጥህ። ሄሊኮፕተርህ አልተበላሸም፤ የምትኖርበት ከፍታ ነው የተቀየረው።

መፍትሔው ሦስት ነው። መጀመሪያ የጋይሮውን ሊሚት፣ ማለትም ሰርቮው እስከ የት እንዲሄድ እንደተፈቀደለት፣ እይ። የጭራው ተንሸራታች (በዘንጉ ላይ እየሄደ ክንፉን የሚያጋድለው ክፍል) ሳይጨናነቅ እስከ ጫፎቹ ድረስ መሄድ አለበት። ሊሚቱ አጭር ተደርጎ ከነበረ ያለህን አቅም እየተጠቀምክበት አይደለም። ሁለተኛ፣ ዙሩን ጨምር። የክንፍ ግፊት በዙሩ ካሬ ስለሚያድግ 15 በመቶ የጎደለውን ለማካካስ 8 በመቶ ገደማ ዙር ይበቃሃል። በ450 ላይ ዋናው ክንፍ አንዴ ሲዞር የጭራው 4.24 ጊዜ ይዞራል። በደቂቃ 2,500 የነበረውን 2,700 ብታደርገው ጭራህ ከ10,600 ወደ 11,400 ገደማ ይደርሳል። ስሮትል ከርቭህ (ለሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት የሚወስነው የሪሞቱ ማስተካከያ) ላይ ቦታ ከሌለህ ባለ 12 ጥርሱን ፒኞን (የሞተሩን ትንሽ ማርሽ) በባለ 13 ቀይረው፤ ልዩነቱ እሱው 8 በመቶ ነው። ከቀየርክ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ብቻ አብርና አውርደህ ሞተሩን በእጅህ ዳስስ። ጣትህን ማሳረፍ ካቃተህ በዛበት። ሦስተኛ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ረዘም ያለ የጭራ ክንፍ ግጠም። እኔ ብሆን ከሊሚቱ እጀምራለሁ፤ ምንም አያስወጣምና።

አሁን ወደ ብንን ማለቱ። ኮሎራዶ በብርዱ ወራት አየሩ ደረቅ ነው። ሹራብ ስታወልቅ ጨርር ይልሃል፣ የመኪና በር ስትነካ ይቆነጥጥሃል አይደል? ቱቦህ ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ቺንጊያው ፑሌጃዎቹ ላይ እየተፈተገ ሲሮጥ ቱቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ሲሞላ የሚወርድበትን ይፈልጋል። ቅርቡ ደግሞ ቱቦው ላይ የታሰረው ሰርቮና ሽቦው ነው። ዘሎ ሲወርድ ጭራህ ይደነግጣል። ሜሪላንድ አየሩ እርጥብ ስለነበር ሳይጠራቀም ይበተን ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለግህ የላይኛውንም የጭራውንም ክንፍ አውልቅ። ማታ ጋራዥ ውስጥ መብራት አጥፍተህ ራቅ ብለህ ሞተሩን አስነሳ። ቱቦው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ወይም ጥቃቅን የፍንዳታ ድምፅ ከሰማህ ጨርሰናል። ባታይም ግን ጥርጣሬውን አትተው።

ማከሚያው ርካሽ ነው። የቱቦውን ውስጥ በጨርቅ ጥረግ። ቺንጊያው ላይ ትንሽ ሲሊኮን ንፋ። ከዚያ ቱቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኘው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሉሚኒየሙ ቀለም መሳይ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሽቦው የሚያርፍበትን ቦታ፣ የጥፍር ያህል፣ ነጩ ብረት እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ። በቴስተር ለካ፤ ከቱቦው እስከ ሞተሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ኦም ማንበብ አለበት። የሰርቮውንም ሽቦ ቱቦው ላይ ተለጥፎ እንዳይሄድ አንሳው።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ሁሉ ስትሞክር ጭራው አየር ላይ ቢሄድብህ በሪሞቱ ዱላ አትታገለው። ወዲያው ስሮትል ሆልድ (ሞተሩን የሚያቆመውን የሪሞት ማብሪያ) ምታ። ሞተሩ ሲቆም አካሉን የሚያዞረው ኃይልም ይቆማል፤ ሽክርክሪቱ ይረግባል። በቀረው ዙር ማሳረፍ ትችላለህ። ጣትህ ማብሪያውን ሳያይ እስኪያገኘው ድረስ መሬት ላይ ተለማመድ።

ጥያቄ፦ ከ12 ዓመት ልጄ ጋር አንድ ያገለገለ ሄሊኮፕተር ገዝተን ፈታተን ገጠምነው። ይነሳል፤ ግን ጭራው እንደ ውሻ ጭራ ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል። ምን እናድርግ? (ከነታንያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጅሽ ጋር መሥራትሽ ደስ ብሎኛል። ቶሎ ቶሎ መወዛወዝ አብዛኛውን ጊዜ የጌይን መብዛት ነው። አምስት አምስት እያላችሁ ቀንሱት። ብዙ ከቀነሳችሁ በኋላም ካልተወው ግን ስትገጥሙት የተጨናነቀ ነገር አለ።

ባትሪውን ንቀሉና ከሰርቮው የሚመጣውን ዘንግ ፍቱት። ልጅሽ የጭራውን ተንሸራታች በአንድ ጣት ይግፋው። ልጆች ጣታቸው ቀላል ስለሆነ መያዙን ቶሎ ያውቃሉ። የሚይዝ ከሆነ የጭራውን ክንፍ መያዣዎች ክፈቱ። ውስጣቸው ትረስት ኩሽኔታ (ክንፉ ሲዞር ወደ ውጭ የሚስበውን ኃይል የሚሸከም) ካለ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ አንዱ ቀዳዳው በጣም ትንሽ ሰፋ ይላል። ሰፊው ወደ መሃል፣ ጠባቡ ወደ ውጭ ነው የሚገባው። ከተገላበጡ በእጅ ሲዞር ደህና ይመስላል፤ በዙር ላይ ግን ይጨናነቃል። የጭራው ክንፎች የታሰሩበት ቪቴም ከመጠን በላይ አይጥበቅ። ክንፉ በመጠኑ ሲገፋ የሚታጠፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ የእኔ ሄሊኮፕተር 500 ነው፤ ጭራው በቺንጊያ ሳይሆን በዘንግ የሚዞር። ሳሳርፍ ጭራው አሸዋ ነካ። ከዚያ ወዲህ ይበራል፣ ግን ጥርስ እንደሚያፋጭ ዓይነት ድምፅ አለው። (ከዱባይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታብረው። ጭራ መሬት ሲነካ ዘንጉ በድንገት ይቆማል፤ ዋናው ክንፍ ግን አይቆምም። በመሃል ዋጋውን የሚከፍለው ፕላስቲኩ ማርሽ ነው። ለአውሮራው ወንድማችን የነገርኩትን የእጅ ፍተሻ አድርግ፤ አንድ ሙሉ ዙር ቀስ እያልክ። አንድ ቦታ ላይ ዘሎ ሌላው ቦታ ላይ ከያዘ የተላጠው ጥርስ ያ ነው። ብዙ ጊዜ የፊተኛው ይጎዳል፤ እኔ ግን የሚገናኙትን ሁለቱንም እቀይራለሁ። የተጎዳ ማርሽ አዲሱንም ይበላዋል።

ማርሹን ስታወጣ ዘንጉንም አውጣና የመስኮት መስታወት ላይ አንከባለው። ከዘንጉ ሥር ብርሃን ብልጭ ድርግም ካለ ጎብጧል፤ ቀይረው። መሃል ላይ የምትደግፈው ኩሽኔታ ከቦታዋ እንዳልተንሸራተተች ከመመሪያው ጋር ለካ። ጎማ መያዣዋን ትንሽ ዘይት ቀባ አድርገህ ቀጥ ብላ አስገባት። ቱቦውን ከመዝጋትህ በፊት ደግሞ ወደ ታች ዘቅዝቀህ በጣትህ መታ መታ አድርገው፤ የቀረ አሸዋ ካለ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል።