«አባቴ ደብተሩን ዘግቶ ቀረ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፦

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን አዛውንት ጋር እየተሰበሰብን ስለ ተፈጥሮ እንጽፋለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ወፉ። 11 ናቸው። ትልቋ እናት 80 አልፏቸዋል። ቡናው በየተራ ይፈላል፤ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል። 7ቱ ራሳቸው ይጽፋሉ። 4ቱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ነበር። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ስላልያዙ ጠፍቶባቸዋል።

ሲጀመር እንዴት ደስ ይል ነበር! አንዷ እናት በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ጦስኝ ሲረገጥ የሚወጣውን ሽታ ሲያወሩ፣ ሁላችንም የሸተተን መሰለን። በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማንም ምን ይጻፍ ምን፣ መጨረሻው አንድ ሆነ። «ድሮ ነበር፤ አሁን ጠፋ።» በልጉ ጠፋ። ምንጩ ጠፋ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባል ነበር፤ አሁን ክረምቱ መቼ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? አንድ የቀድሞ ዲያቆን «ይህ ሁሉ የኃጢአታችን ዋጋ ነው» ይላሉ። ሌላው ይቆጣሉ። አንዲት እናት አልቅሰው ወጡ። እኔም ቤቴ ስገባ ከለቅሶ ቤት የተመለስኩ ይመስለኛል።

የባሰው ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነው ነው። አንዷ እናት ስለ ሰፈራቸው ምንጭ ጽፈው አነበቡ። ድሮ እንስራው ወሬ ሳያልቅ ይሞላ ነበር። ባሕር ዛፉ ከበላዩ ከቆመ ወዲህ ግን ውሃው ቀጠነ፤ አሁን በጋ ላይ ጭቃ ብቻ ነው። ስም አልጠሩም። ግን ያ ባሕር ዛፍ የአባቴ እንደሆነ የማያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አባቴም ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነው። ምንም አላለም። ደብተሩን ዘጋ፤ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ማታ እራት ላይ «እና ምንጩን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እኔን ኮሌጅ ያስተማረኝ የዚያ ባሕር ዛፍ አጠና ነው።

አሁን ሁለት ነገር ቸግሮኛል። ለቅሶውን ከልክዬ ስለ ውበት ብቻ እንዲጽፉ ላድርግ? ወይስ ልተወው? አባቴንስ እንዴት ልመልሰው? እኚያን እናት ጽሑፋቸውን እንዲያስተካክሉ ልጠይቃቸው ብዬ አስቤ ነበር። አፍሬ ተውኩት።

ልጅዎ፣ ከደብረ ብርሃን


የአምዱ አዘጋጅ መልስ

እህቴ፦

እንኳን አፈርሽ። እንዳትጠይቂያቸው። እኚያ እናት ውሃ የቀዱበትን ምንጭ ነው የጻፉት። እንስራው በስንት ጊዜ እንደሚሞላ የሚያውቀው የተሸከመው ጀርባ ነው። ያንን አጥፉ ብትያቸው ሌሎቹ አሥሩም ከዚያ በኋላ እውነቱን አይነግሩሽም።

አባትሽንም አትዋሺያቸው። «ኧረ ባሕር ዛፍ ምንም አያደርግም» ብትያቸው አያምኑሽም፤ ገበሬ ናቸው። ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ቶሎ የሚያድግ ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ምንጭ አጠገብ ሲተከል ውሃውን ሊቀንስ ይችላል። ይህ እውነት ነው። ግን ግማሹ ነው።

ሌላውን ግማሽ አንቺ ማወቅ አለብሽ። ሰብስበሽ እንድታስተምሪበት አይደለም፤ ነገሩ አንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። አገራችን ከ1960 እስከ 2006 ባሉት የፈረንጅ ዓመታት ውስጥ በአማካይ 1.3 ዲግሪ ሞቃለች። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ ይህም በፈረንጅ ነው፣ በአንዳንድ አካባቢዎች የበልጉም የክረምቱም ዝናብ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደቀነሰ ተጠንቷል። ዓለም ወደ ሰማይ ከሚለቀው በካይ ጋዝ የኢትዮጵያ ድርሻ 1 በመቶ አይሞላም። የአንድ ሰው ባሕር ዛፍ በልግን አያስቀርም። ምንጭን ግን ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱን ለያይተሽ ያዢ። አባትሽ የተቆጡት ሁለቱ ተደባልቀው በአንድ ላይ ስለተጫነባቸው ይመስለኛል።

ወደ ለቅሶው ልምጣ። እኔም ያደግኩት መንዝ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኛ አገር ለቅሶ ዝም ብሎ ማልቀስ አይደለም። አልቃሿ ስትነሳ የሟቹን ሙያ ትዘረዝራለች። እንዴት ያርስ እንደነበር፣ በሬዎቹን በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ከደጁ ወጥቶ እንዴት ይቀበል እንደነበር። ሰው የሚያነባው ዝርዝሩን ሲሰማ ነው። «ጥሩ ሰው ነበር፣ ሞተ» ብላ ብትቀመጥ ማንም አያለቅስም፤ ማንም አይጽናናም። አዛውንቶችሽ ያሉት እዚያ ጋ ነው። «ድሮ ነበር፤ አሁን ጠፋ» የሙሾው የመጨረሻ ስንኝ ነው። መሐሉ ገና አልተባለም። ስለዚህ ለቅሶውን አትከልክዪ። መሐሉን ጠይቂያቸው።

እንዴት? በቀን። የእኛ አዛውንት ቀን አይሳሳቱም፤ በቅዱሳን ነው የሚቆጥሩት። አንድ ቅዳሜ «ስለ ዝናብ ጻፉ» አትበያቸው። «ሰኔ ሚካኤል ዕለት ቤታችሁ ምን ይሠራ ነበር?» በያቸው። ማሳው ረጥቦ ነበር? ምን ተዘርቷል? በሬ ከማን ተዋሳችሁ? ጭቃው እስከየት ነበር? «በልጉ ይዘገያል» የሚል ጽሑፍ ለማንም ምንም አይነግርም። «የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና በተነሣበት ዓመት፣ የካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ የበልግ ገብሳችን በቅሎ ነበር» የሚል ግን ዓመቱም ቀኑም ይታወቃል። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በየቀበሌው የለም። በብዙ ቦታ ያንን መዝገብ የያዙት እኒህ ሰዎች ብቻ ናቸው። አንቺ ጋ ደግሞ ደብተር አለ።

የቀድሞውን ዲያቆን አትከራከሪያቸው። ኃጢአት ነው ካሉ ይበሉ። ብቻ ዝናብ ቀርቶ ምህላ የተያዘበትን አንድ ዓመት እንዲጽፉ ለምኛቸው። ሕዝቡ የት ተሰበሰበ? ስንት ቀን ቆየ? ማን ልጁን አዝሎ መጣ? የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ሽታው ምን ይመስል ነበር? ስብከታቸውን አልናቅሽባቸውም፤ ምስክርነታቸውን ነው የጠየቅሽው።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጠንቀቂ። የ77ቱን ድርቅ አንቺ አታንሺው። በዚያ ዓመት ልጅ የቀበረ፣ እናት የቀበረ ሰው በክፍልሽ ይኖራል። ራሱ ካነሣው አድምጪ፤ ካላነሣው ተዪው። «ዛሬ ማለፍ እፈልጋለሁ» ማለት እንደሚቻል ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። አልቅሰው የወጡትን እናት ደግሞ ቅዳሜን ሳትጠብቂ ቤታቸው ሄደሽ ጠይቂያቸው። ስለ ጽሑፉ አታውሪ። ቡና ጠጥተሽ ነይ።

እጅን ሥራ የሚያስይዝ ነገርም አምጪ። በዚያ ዕድሜ ወፍ ዋሻ ደን ድረስ ተጉዞ ዝግባና ጥድ ማየት ለብዙዎቹ ከባድ ነው። ጉልበት አለ፣ ደም ግፊት አለ፣ ብርድ አለ። ደኑ ወደ እነሱ ይምጣ። የኮሶ ቅጠል፣ የጥድ ቅርፊት፣ አንድ እፍኝ ጦስኝ። በመዳፋቸው ይሹት፤ ከዚያ ይጻፉ። ዓይናቸው የደከመ እናት አፍንጫቸው አልደከመም።

ከተቻለ ደግሞ ከመንዝ ጓሳ ሣር አስልኪ። ይህን የምልሽ ምክንያት አለኝ። «ሁሉም ጠፋ» የሚለውን ሰው በስብከት አትመልሺውም፤ ያልጠፋ ነገር ግን እጁ ላይ ማስቀመጥ ትችያለሽ። የመንዝ ሰው ጓሳን 400 ዓመት ያህል በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ይታጨዳል። ጥሶ የገባ ይቀጣል። ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ የሚሠራው ከእሱ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ቆይቶ ግን ያው ሕዝብ ተመልሶ ጥበቃውን ያዘው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚውሉበት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በማኅበረሰቡ እጅ ይጠበቃል። ከ11ዱ ውስጥ ገሳ ለብሶ ከብት የጠበቀ አይጠፋም። እሱን አስጽፊው። ዝናቡ በገሳው ላይ ሲወርድ ድምፁ ምን ይመስል ነበር?

ስለሚናገሩት አራቱ አንድ ቃል። እንደተናገሩት ጻፊ። አስተማሪ ነሽና እጅሽ ለማረም ይቸኩላል፤ ያዢው። የአገራቸውን አነጋገር ወደ ሬዲዮ አማርኛ አትለውጪው። ጽፈሽ መልሰሽ አንብቢላቸው፤ «እንዲህ አላልኩም» ካሉሽ አጥፊው። ፊደል ጠፋብን ላሉት ሁለት እናቶች ደግሞ በየሳምንቱ ከጽሑፋቸው አንድ ቃል ብቻ በራሳቸው እጅ እንዲጽፉ ስጫቸው። «ውርጭ» ትሁን፣ «ምንጭ» ትሁን። ይመለሳል፤ አክስቴ ላይ አይቻለሁ።

በስብሰባው ማብቂያ ሁሉም በዚያ ሳምንት በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ከነቀኑ ይናገር። ዘንድሮ የታየ፣ ድሮ የነበረ አይደለም። ጓሮ ውስጥ ውርጭ የመታው ባቄላ ሊሆን ይችላል፤ በአጥር ላይ ያበበ ቀጋም ሊሆን ይችላል። ይህ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አሁን አባትሽ። ቤት ውስጥ አስተማሪያቸው አይደለሽም፤ ልጃቸው ነሽ። «ተመለስ» አትበያቸው። «ምንጩን የገደልኩት እኔ ነኝ?» ብለው ሲጠይቁሽ መልስ አጣሁ ብለሻል። ከላይ የነገርኩሽን ሁለቱንም ግማሽ ንገሪያቸው፤ ሳታለሳልሺ፣ ሳትቆጪ። ከዚያ የማታውቂውን ጠይቂያቸው። የመጀመሪያውን ችግኝ ከየት አመጡት? በየትኛው ወር ተከሉት? ያኔ እዚያ ቁልቁለት ላይ ምን ነበር? ቤታችሁ በኩበት ብቻ ይነድ ነበር? ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ወደዚህ አገር የገባው ማገዶ ጠፍቶ ስለነበር ነው፤ አባትሽም ችግር ሳይኖር አልተከሉትም። የመጀመሪያው አጠና ስንት ተሸጠ? ገንዘቡን ምን አደረጉት? የመጨረሻውን መልስ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ከእሳቸው አፍ አልሰማሽውም ይሆናል።

እኚያ እናት የጻፉት ስለ ምንጩ ነው። ስለ ዛፉ የጻፈ ገና የለም። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢነበቡ፣ ምናልባት ከምንጩ በላይ ያሉት ጥቂት መስመሮች ተቆርጠው በቦታቸው ወይራ ወይም ኮሶ ስለመትከል ወሬ ይነሣ ይሆናል። ያንን ግን አንቺ አታንሺው። እሳቸው ወይም እኚያ እናት ያንሡት።

ደብተራቸውን ከእራት በኋላ እሳቱ አጠገብ አስቀምጪላቸው። እስክሪብቶውንም አትርሺ።