የመጀመሪያ ቴርማል ስኮፕ፦ ከሰንሰሩ በፊት ሌንሱን ተመልከት

ወንድሜ፣ ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄህን ላሳጥረው። በ.308 ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ሌሊት ሌሊት ሰብል የሚያወድሙ የዱር አሳማዎችን ትጠብቃለህ። አብዛኛው ተኩስህ ከ60 እስከ 150 ሜትር ነው፤ አልፎ አልፎ 200 ይደርሳል። ሦስት ቴርማል ስኮፖች (የእንስሳውን ሙቀት በምስል የሚያሳዩ የጠመንጃ ማነጣጠሪያዎች) ቀርበውልሃል፦ 256 በ192 ፒክስል ያለው ሰንሰር (ሙቀቱን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ከ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ 384 በ288 ከ35 ጋር፣ 640 በ512 ከ50 ጋር። የሦስቱም ፒክስል፣ ማለትም የሰንሰሩ ትንሿ ነጥብ፣ 12 ማይክሮን ነው። ገንዘብህ እስከ ሦስተኛው ይደርሳል፤ የጠየቅከው ግን ልዩነቱ ዋጋውን ያክል እንደሆነ ነው።

የእኔ መልስ፦ መካከለኛውን ግዛ፤ በሚተርፈው በእጅ የሚያዝ ቴርማል መቃኛ ጨምርበት። ምክንያቱ ረዘም ይላል።

በመጀመሪያ ሰንሰሩ ስንት ፒክስል እንዳለው ሳይሆን አንዱ ፒክስል እንስሳው ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሸፍን አስላ። የፒክስሉን መጠን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (25፣ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ለሚለው ቁጥር) ማካፈል ብቻ ነው። 12 ማይክሮን ለ35 ሚሊ ሜትር ሲካፈል፣ 100 ሜትር ላይ አንድ ፒክስል 3.4 ሳ.ሜ ይሸፍናል፤ 200 ሜትር ላይ 6.9 ሳ.ሜ ይሆናል። በ25 ሌንስ 100 ሜትር ላይ 4.8፣ በ50 ሌንስ ደግሞ 2.4 ሳ.ሜ ነው። ልብ በል፣ እዚህ ስሌት ውስጥ 384 ወይም 640 የሚባል ነገር አልገባም። ዝርዝር የሚሰጥህ ሌንሱና የፒክስሉ መጠን ናቸው። የሰንሰሩ ትልቅነት የሚጨምርልህ የምታየውን ስፋት ነው።

ስፋቱንም እንየው። 100 ሜትር ላይ የመጀመሪያው 12 ሜትር፣ ሁለተኛው 13 ሜትር፣ ሦስተኛው 15 ሜትር ያህል ያሳያል። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ 640 ከ50 ሌንስ ጋር ሲገጠም ስፋቱን ለዝርዝር ሸጦታል ማለት ነው። 640 ከ35 ሌንስ ጋር ቢቀርብልህ ኖሮ ምክሬ ይቀየር ነበር፤ እሱ 22 ሜትር ያህል ያሳያል፣ 60 ሜትር ላይ ለሚሮጥ መንጋ ደግሞ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው።

አሁን «ይታያል» እና «ይለያል» የሚሉትን እንነጥላቸው። በሙያው የቆየው የጆንሰን መስፈርት ነው፦ አንድ ነገር መኖሩን ለማወቅ 2 ፒክስል ያህል፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመገመት ከ6 እስከ 8፣ በትክክል ለመለየት 12 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ትከሻው ከመሬት 60 ሳ.ሜ የሚደርስ አሳማ 12 ፒክስል እንዲሞላ ከተፈለገ፣ በ25 ሌንስ ወሰንህ 104 ሜትር፣ በ35 ሌንስ 146፣ በ50 ሌንስ 208 ሜትር ነው። ይህም አየሩ ደረቅ ሲሆንና እንስሳው ሣር ውስጥ ግማሽ አካሉን ሳይደብቅ ነው። ማስታወቂያው ላይ «1800 ሜትር» የሚለው ቁጥር 1.8 ሜትር ቁመት ያለውን ሰው ይመለከታል፤ በ35 ሌንስ ያ ሰው በ1800 ሜትር ላይ ሦስት ፒክስል ብቻ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ታያለህ፣ በቃ። ስለዚህ ያንን ቁጥር ስትገዛም ስትተኩስም እርሳው።

ከዚህ ተነስተህ 25ቱ ለአንተ ርቀት ያንሳል። 35ቱ እስከ 150 ሜትር ያለውን ሥራህን ይሸፍናል። 200 ሜትር ላይ ያ አሳማ ዘጠኝ ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ አሳማ እንደሚመስል ታያለህ፣ ጥጃ ወይም ትልቅ ውሻ አለመሆኑን ግን በእርግጠኝነት መናገር አትችልም። እዚያ ርቀት ላይ አትተኩስም፤ ትጠጋለህ ወይም እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ተኩስህ በብዛት 200 ቢሆን ኖሮ 50 ሌንስ ግድ ነው እል ነበር።

ማጉላትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቴርማል ስኮፕ ላይ እውነተኛው ማጉላት የመነሻው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዲጂታል ነው፤ ሁለት እጥፍ ስታጎላ 384 በ288 የነበረው 192 በ144 ሆኖ ይቀራል፣ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። የስክሪኑ ጥራትም እንዲሁ ነው፤ ሰንሰሩ ያልያዘውን ስክሪን አይፈጥርም። የመነሻ ማጉላቱ ከ2 እስከ 3 የሆነ ለአንተ ይስማማል። በ4 የሚጀምር ስኮፕ 50 ሜትር ላይ እንስሳውን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

የሙቀት ስሜታዊነት፣ ማለትም ሰንሰሩ የሚለየው ትንሹ የሙቀት ልዩነት፣ በሚሊኬልቪን (በዲግሪ ሺኛ) ይጻፋል፤ ትንሹ ቁጥር ይሻላል። በደረቅና ቀዝቃዛ ሌሊት በ25 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት ብዙም አይታይህም። ጭጋግ ሲወርድ ወይም ከዝናብ በኋላ እርጥበቱ ሲበዛ ግን 40 የሆነው ሥዕሉ ግራጫ ሆኖ ይደፈጠጣል። ሁለት ነገር አጣራ። ቁጥሩ የሰንሰሩ ብቻ ነው ወይስ የመላው መሣሪያ? የሌንሱ የመክፈቻ ቁጥርስ (ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል) ስንት ነው? 1.0 የሆነ ሌንስና 1.2 የሆነ ሌንስ እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ሰንሰሩ ላይ የሚያደርሰው ሙቀት ወደ 30 በመቶ ያንሳል። ትልቁ ሌንስ ቀጭን መክፈቻ ይዞ ከመጣ፣ የተከፈለበትን ጥቅም በጭጋግ ቀን መልሶ ያጣል።

የምስል ፍጥነቱ 50 ሄርትዝ (በሰከንድ 50 ምስል) ይሁን። 25 ለቆመ እንስሳ ይበቃል። 9 ሄርትዝ የሆነውን ግን አትንካው፤ አሳማው እየዘለለ ይሄዳል፣ የምታነጣጥርበት መስቀልም ከኋላው ይቀራል።

የጠመንጃውን ርግጫ አትርሳ። .308 የሚችል ስኮፕ ቀላል ነው የሚገኘው፤ አምራቹ የሚችለውን የጥይት ዓይነት ወይም ጉልበት በጁል ይጽፋል። የሚያስቸግረው የዓይን ርቀቱ ነው፤ ይህም ስታነጣጥር ዓይንህ ከስኮፑ የሚርቅበት ነው። ብዙዎቹ 45 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ፣ ጎንበስ ብለህ ወይም በደረትህ ተኝተህ ስትተኩስ የዓይንህን ቅንድብ ይበሳል። 60 እና ከዚያ በላይ ፈልግ። ስኮፑ በ30 ሚሊ ሜትር ቀለበት የሚታሰር ከሆነም ወደፊትና ወደኋላ ለማስተካከል ያመቻል።

የርቀት መለኪያ ሌዘር አብሮ ቢኖር ዋጋውን ያክላል። በቴርማል ጥልቀት አይታይም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ግድግዳ ላይ እንደተሳለ ነው። 60 ሜትር ላይ ያለች ጥንቸልና 200 ሜትር ላይ ያለ አሳማ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። .308 በ100 ሜትር ዜሮ ከተደረገ (ጥይቱ መስቀሉ ላይ እንዲመታ ከተስተካከለ) 200 ላይ ወደ 10 ሳ.ሜ፣ 300 ላይ ወደ 40 ሳ.ሜ ይወርዳል፤ ስለዚህ ርቀቱን በግምት መያዝ አይቻልም። ሌዘሩ ፊትህ ያለውን የሣር አገዳ ሊመታ ስለሚችል ሁለት ሦስት ጊዜ ለካ።

ባትሪ፦ የሚቀየር ባትሪ ያለውን ምረጥ። አምራቹ የሚጽፈው ሰዓት ለብ ባለ አየር፣ ቪዲዮና ዋይፋይ ተዘግተው የተለካ ነው። በብርድ ከዚያ ጉልህ ቅነሳ ጠብቅ፤ ትርፍ ባትሪውን ውስጥ ኪስህ ውስጥ አስቀምጥ።

ወደ መቃኛው ልምጣ፤ የምክሬ ዋናው ክፍል እሱ ነው። ስኮፑ ጠመንጃው ላይ ነው፤ በስኮፑ የምትቃኝ ከሆነ አፈሙዝህ የምታየውን ሁሉ ያነጣጥራል፤ የሰውን ቤት፣ ከብቱን፣ መንገደኛውን ጨምሮ። ይህ ሕግ ባይከለክለውም ክልክል ነው። ከዚያም ባሻገር ጠመንጃ ተሸክሞ ሰዓታት መቃኘት ክንድ ያደክማል። መቃኛው ጥራቱ ከስኮፑ ያነሰ ቢሆን ችግር የለውም፤ የሚያስፈልገው ስፋት ነው። 384 ሰንሰር ከ15 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል፤ በ19 ሌንስ 100 ሜትር ላይ 24 ሜትር ያህል ያሳያል። ርቀት መለኪያው ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የሚኖር ከሆነ መቃኛው ላይ ይሁን፤ ጠመንጃውን ሳታነሣ ትለካለህ።

ዜሮ ማድረግ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው። መጀመሪያ ስኮፑን አጥብቅ፤ የቀለበት ብሎኖችን ከ2 ኒውተን ሜትር ብዙ አታሳልፍ፤ አምራቹ የራሱን ቁጥር ከሰጠ እሱን ያዝ። ቀጥሎ ከዓይን በኩል ያለውን ማስተካከያ መስቀሉ ጥርት እስኪል አዙር፤ ይህ ለዓይንህ ነው፣ አንዴ ከተስተካከለ አትነካውም። የእንስሳው ምስል የሚጠራው ከፊት ባለው የሌንሱ ፎከስ ነው። ሁለቱን አምታትቶ ምስሉ ሲደበዝዝ የኋላውን የሚያዞር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያነጋል።

ኢላማ፦ ወረቀት በቴርማል አይታይም። 10 በ10 ሳ.ሜ የሆነ የአሉሚኒየም ፎይል ካርቶን ላይ ለጥፍና ካርቶኑን ትንሽ ወደኋላ አንጋለው። ፎይሉ ራሱ ሙቀት አይረጭም ማለት ይቻላል፤ ቀዝቃዛውን ሰማይ ስለሚያንጸባርቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ግን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ያኔ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ከካርቶኑ ጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊት ለጥፍ። ኢላማውን ከ10 ሳ.ሜ አታሳንሰው፤ በ35 ሌንስ 100 ሜትር ላይ እሱ ራሱ ሦስት ፒክስል ነው።

ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ይደገፍ። 25 ሜትር ላይ አንድ ጥይት ተኩስ። ከዚያ ያነጣጠርክበት ቦታ ላይ መስቀሉን መልሰህ፣ ሳትነቃነቅ ምስሉን አቁም፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁለተኛውን ምልክት ጥይቱ የመታበት ድረስ አንቀሳቅሰህ አስቀምጥ። ምስሉ በቆመበት ቅጽበት መስቀሉ ከነጥቡ ከተንሸራተተ ስህተቱ ዜሮው ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛው «ስኮፑ አይይዝም» የሚል ቅሬታ ከዚህ የሚመጣ ነው። ከዚያ 100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ተኩሰህ በመካከላቸው አስተካክል፤ በሌላ ሦስት አረጋግጥ። በአንድ ጥይት ተመርኩዘህ ማስተካከል የራስህን እጅ መንቀጥቀጥ ማሳደድ ነው። ዜሮውን ስም ሰጥተህ ስኮፑ ውስጥ አስቀምጥ፤ በየሌሊቱ የተከፈተው ፕሮፋይል (የተቀመጠው ማስተካከያ) የአንተ መሆኑን ተመልከት። ፈርምዌሩን (የስኮፑን የውስጥ ሶፍትዌር) ካደስክ በኋላም አንድ ጥይት ለማረጋገጫ አውጣ።

ሜዳ ላይ ስትወጣ፦ ስኮፑ በየጊዜው «ጠቅ» ብሎ ምስሉን ለአፍታ ያቆማል፤ ሰንሰሩን እያስተካከለ ነው። ቃታ ልትስብ ስትል እንዳይመጣብህ አውቶማቲኩን አጥፍተህ ከማነጣጠርህ በፊት ማስተካከያውን ራስህ አስደርገው። ሞቃቱን ነገር በነጭ የሚያሳየው ቀለም ለመፈለግ ጥሩ ነው፣ ለመለየት ግን በጥቁር የሚያሳየውን ሞክር። ብርሃኑንም ዝቅ አድርግ፤ አለዚያ ዓይንህን ከስኮፑ ስታነሣ ለደቂቃዎች ምንም አታይም።

የማታየውንም እወቅ። ከአካባቢው እኩል የቀዘቀዘ ቀጭን ቅርንጫፍ ወይም ሽቦ በምስሉ ላይ የለም፣ ጥይቱ ግን ይመታዋል። ጠንካራ ቀንድ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከጀርባው ጋር ይደባለቃል፤ ስለዚህ ቀንድ አልታየም ማለት ቀንድ የለውም ማለት አይደለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንጋይና ግንድ ለሰዓታት ሙቀታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ከእንስሳው ጀርባ አፈር መኖሩን በቀን ቦታውን አይተህ ካላወቅክ በሌሊት ስኮፑ አይነግርህም። በመኪና መስታወት ለማየትም አትድከም፤ መስታወት ይህን ሙቀት አያሳልፍም። ሌንሱን ወደ ፀሐይ አታዙር፣ በደረቅ ሸሚዝም አትጥረገው፤ ሽፋኑ ይጫራል።

ሕጉን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። ቴርማል ጠመንጃ ላይ መግጠም በአንዳንድ አገር ለተወሰኑ እንስሳት ብቻ ይፈቀዳል፣ በሌላው ጨርሶ ክልክል ነው፤ መሣሪያውን ድንበር ማሻገርም ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

ያገለገለ ስኮፕ ካጋጠመህ፣ በምሽት ወጥተህ ወጥ ሙቀት ወዳለው ግድግዳ አነጣጥር፤ ማስተካከያውን ካስደረግክ በኋላም የማይጠፋ ነጥብ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ካለ ሰንሰሩ ተጎድቷል። ከዚያ 10 ጥይት ተኩስበት፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና የመጨረሻዎቹ ሦስት አንድ ቦታ ካልመቱ፣ ማሰሪያውን አጥብቀህ አንዴ ድገም። ያኔም ከተንሸራተተ ለሻጩ መልስለት።