ደም «ተጣበቀ» ሲባል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ውጤቴ ላይ «ሩሎ» ተብሎ ተጽፏል። ደሜ ረግቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ አይስጉ። ሩሎ ቀይ የደም ሴሎች እንደ ሳንቲም ሲደራረቡ ነው። ሴሎቹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ፋይብሪኖጅን ወይም ኢሚኖግሎቡሊን የተባሉት የደም ፕሮቲኖች ሲበዙ ግን መገፋፋቱ ይዳከማል። የተደራረበ ሴል ቶሎ ስለሚዘቅጥ ኢኤስአርም (ቀይ ሴሎች በቱቦ ውስጥ የሚዘቅጡበት ፍጥነት) ይጨምራል። እርግዝናና ኢንፌክሽን ያመጡታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ከዚህ ጋር የአጥንት ሕመምና ደም ማነስ ካለበት ግን የመቅኒ ካንሰር የሆነው መልቲፕል ማየሎማ እንዳይሆን የደም ፕሮቲኖችን በዓይነት የሚለየው ምርመራ፣ የፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ፣ ይሠራለት።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ማሽኑ ሄሞግሎቢን 11.4፣ ሄማቶክሪት (ቀይ ሴሎች ከደሙ የያዙት ድርሻ በመቶኛ) 21፣ ኤምሲኤችሲ (በቀይ ሴሎች ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት) 54 አወጣ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሄሞግሎቢን በ3 ሲባዛ ሄማቶክሪቱን መቅረብ አለበት፤ እዚህ 34 ገደማ ይጠበቅ ነበር። በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ኮልድ አግሉቲኒን ነው፦ ደም ሲቀዘቅዝ ሴሎችን የሚያጣብቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአይጂኤም ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል። ማሽኑ የተጣበቁትን እንደ አንድ ትልቅ ሴል ይቆጥራል፤ ስለዚህ የሴል ቁጥሩ ይወርዳል፣ ኤምሲቪ (የአንድ ቀይ ሴል አማካይ መጠን) ከፍ ይላል። ሄሞግሎቢኑ የሚለካው ሴሎቹ ከፈነዱ በኋላ ስለሆነ ይታመናል። ቱቦውን በ37 ዲግሪ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያሙቁ፣ ቀስ ብለው ያገላብጡና ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ይድገሙ። ካልተስተካከለ ፕላዝማውን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በእኩል መጠን በሞቀ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ይተኩ። ሩሎ መሆኑን ለመለየት ስላይድ ላይ ሳላይን ይጨምሩ፤ ሩሎ ይበተናል፣ እውነተኛ መጣበቅ ግን ይቀራል። ለሐኪሙ መንገርዎን ፈጽሞ አይርሱ። ማይኮፕላዝማ የሳንባ ምች ወይም ሊምፎማ ከኋላው ሊኖር ይችላል፤ ታካሚው ደም ካስፈለገውም በደም ማሞቂያ መሣሪያ ይሰጠው። ከረጢቱን ፍል ውሃ ውስጥ መንከር ሴሎቹን ያፈነዳል።

ጥያቄ፦ ሲክል ሴልም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ የለም። እዚያ ችግሩ ሄሞግሎቢኑ ነው፤ ኦክስጅን ሲለቅ ሴሉን ማጭድ ያስመስለዋል። ማጭድ መሳይ ሴል ስለማይደራረብ፣ ኢንፌክሽን እያለም ኢኤስአር ዝቅ ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ አርኤች ኔጋቲቭ ነኝ (ቀይ ሴሎቼ ላይ «ዲ» የተባለው ፕሮቲን የለም)፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ጤነኛ ነው፤ ሾተላይ ያሰጋኛል?

መልስ፦ አዎ፣ አሁን ነው ጥንቃቄው። የልጁን ፖዘቲቭ ሴሎች የሚያጠቃው የእናት ፀረ እንግዳ አካል ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው በመጀመሪያው ወሊድ ስለሆነ ጉዳቱ ቀጣዩ ልጅ ላይ ይታያል። መጀመሪያ ይህ ፀረ እንግዳ አካል በደምዎ ውስጥ መኖሩን የሚያሳየውን ኢንዳይሬክት ኩምብስ ይመርመሩ። ኔጋቲቭ ከሆነ በ28ኛው ሳምንት ሰውነትዎ ፀረ እንግዳ አካሉን እንዳይሠራ የሚከላከለውን መርፌ፣ 300 ማይክሮግራም አንቲ ዲ፣ ይወጋሉ፤ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ውርጃ ቢያጋጥምም ሐኪምዎን ስለ መርፌው ይጠይቁ። ኩምብሱ ሰውነትዎ ራሱ በሠራው አንቲ ዲ ፀረ እንግዳ አካል ምክንያት ፖዘቲቭ ከሆነ ግን መርፌው የተፈጠረውን አያጠፋም፤ እርግዝናው በከፍተኛ ሆስፒታል ክትትል ይደረግበት።