ቀኑን ሙሉ ለአንዲት ፊደል

«ቀኑን ሙሉ በጻፍኩት የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ አንድ ስህተት ስፈልግ ውዬ መጨረሻ ላይ የአንዲት ፊደል ግድፈት ሆኖ አገኘሁት። በእኔ ብቻ ነው የሚደርሰው? እናንተን እዚህ ሥራ ላይ ያቆያችሁ ምንድን ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ያልደረሰበት የለም።

የእኔን ልንገርህ። ሁለት ድምሮችን የሚያመሳክር ኮድ ነበር። እኩል መሆን ሲገባቸው ፕሮግራሙ «አይደሉም» እያለ ድርቅ አለ። ዓይኔ እስኪፈዝ አፈጠጥኩበት። በመጨረሻ የ0.1 እና የ0.2ን ድምር እንዳለ ሳወጣው በ0.3 ፈንታ 0.30000000000000004 የሚል ብቅ አለ። ለካ 0.1 እና 0.2 በሁለትዮሽ፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚጠቀምባቸው 0 እና 1 ብቻ ሲጻፉ ልክ አይመጡም፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ለእነሱ በጣም የሚቀርበውን ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ የገንዘብ ሒሳብ የምሠራው በትንሿ የገንዘብ መለኪያ፣ በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው።

ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ እምቢ ካለህ ደግሞ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን የጊትን «ባይሴክት» የሚባል ትእዛዝ ሞክር። የሚሠራውንና የተበላሸውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ትነግረዋለህ፣ እሱ መሃሉን እያወጣ ያስፈትሽሃል። 1000 ኮሚት ቢኖር እንኳ በ10 ሙከራ ገደማ ያበላሸው ይገኛል። ስንት ምሽት እንዳተረፈልኝ!

ደስታውስ? ለእኔ ኮድ መሰረዝ ነው። 200 መስመር አጥፍተህ ሁሉም ነገር እንደ በፊቱ ሲሠራ ልብ ይሞላል። ኮዱን የሚፈትሸው ቴስት ወድቆ ቀይ ከነበረበት አልፎ አረንጓዴ ሲሆንም ቶሎ አልዘጋውም። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ትንሽ አየዋለሁ።